ስድስተኛዋ ጣት

ሙሐረቅ ነው ከተማው፤ አራት ዓመት ኖሬበት
ስሙን በወጉ ጠርቼው አላውቅም አንድም ዕለት።
«ወዴት?» ይላል ባለታክሲው፣ «ወዴት?» ይላል ደግሞ ዞሮ፣
ሐው ደረቴ ላይ ቀርቶ፣ ቃፉ እንደ ሽምብራ ተሰብሮ።

በባሕሩ በኩል ነው ቤቱ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፤
ማማ ሰቢካ እዚያ አለች፣ ቀኝ ጎኗ ሁሉ ሽባ።
የመርከበኛ ልጅ ሁሉ ቁርኣን የቀራው ከሷ ነው፣
በቴምር ዘንግ እያስፈራራች፣ ከጉልበቷ ሥር አስቀምጣው።
ዛሬ ከንፈሯ ወዳንድ ወገን ሄዷል ተንሻፎ፤
ባ ስትል ለሃጭ ይቀድማል፣ ሚም ይቀራል ተንሳፎ።
ግራ እጇ ግን አልከዳትም። ስሳሳት ታንኳኳለች
ባልጋው ብረት ላይ፣ ሦስቴ፦ «ከመጀመሪያው» እያለች።

እኔ ገርባ ነው የቀራሁት። ሸኻችን፣ አላህ ይዘንላቸው፣
ደግ ነበሩ፤ ሦስቱም ሀ ባንድ በር ነው መግቢያቸው።
ዛልን ዘይ፣ ሣን ሲን አድርገን፣ ሷድን በጸ አፈንድተን፣
ጧን እንደ ጥይት ተኩሰን፣ እንዲያ ስንል አኸተምን።
ትምህርት ቤትም ያው ነበር። አንድ ቀን ጋሼን ጠየቅሁ፤
«ድምፁ አንድ ከሆነ፣ ሀ ለምን ሦስት ነው?»
«ጻፊ» አሉኝ። ጻፍሁ።

አንድ ሌሊት እጄን ስባ ጉሮሮዋ ላይ አኖረች።
ከንፈር ቢሸሽ፣ ምላስ ቢሰንፍ፣ ድምፅ እዚያ ታች ገና አለች።
«ሀዋ» አለች፣ ኤሲውን እያሳየች። አየር። ነፋስ።
ከዚያ «ሐዋ»፣ ወደኔ ዞራ፤
መዳፌ ሥር አንዳች ነገር እንደ ጫጩት ሲላወስ።

ስሜ ነው! ሠላሳ አንድ ዓመት እናቴም ነፋስ ስትለኝ፣
ኤጀንሲውም ነፋስ ብሎ በአውሮፕላን ሲጭነኝ፣
ለካስ የሰው ሁሉ እናት ነኝ።
ለካስ ሐ ባዶ ቤት ነበር፣ ደጃፉ ሣር የለመደ፣
ባለቤቱ እንደኔ ሁሉ ዐረብ አገር የተሰደደ።

ተንተባትቦ ለሚቀራ አጅሩ እጥፍ ነው አሉ።
እንግዲያማ ባለጠጋ ነኝ፣ ደመወዜን ቢያዘገዩ፣ ቢከለክሉ።

ከረመዳን በፊት «በቀልቢን ሰሊም» ላይ ደረስን።
ቃፉን ሰበርሁት፤ አንኳኳች። ሰበርሁት፤ አንኳኳች።
ላለዝበው ስል ወደ ፊት አምልጦኝ ካፍ ሆነ።
ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ከዚያ፣ ወላሂ ስላችሁ፣
ሰማንያ ዓመቷን ይዛ፣ እንደ ውሻ ጮኸች፦ «ው! ው!»

ገባኝ። ልብ ይዤ ልቀርብ ስል ይዤ የቀረብሁት ውሻ ነው፤
ቀልብ በካፍ ከልብ ይሆናል፣ ከልብ ደግሞ ባለ ጭራው።
ሳቅሁ፤ ሳቄ መሐል ላይ አንዳች ነገር አነቀኝ።
እንዴት አድርጌ ላስረዳት፣ ያው ቃል ሌላ ነው በኛ?
«ከልብ ነው እኮ፣ ማማ፣ ከልብ» አልኋት ባማርኛ።

ሦስቴ አንኳኳች። ከመጀመሪያው።

ትናንት ፋቲሓን ስዘጋ መጣ ያ ረጅሙ ዷድ፤
ምላስ ወደ መንጋጋ ሄዶ፣ ስድስት ጣት መሳብ ግድ።
ማማ ትቆጥርልኛለች፣ ጣቷን አንድ አንድ እያጠፈች፤
አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመሐሉ፤ አምስቱን ጨረሰች።
ቀኝ እጇ አይነሳም። ትንፋሼ ሊያልቅ ነው።
ያኔ ጎተተች የኔን፣
ትንሿን ጣቴን፣ በረኪና የላጣትን፣
አጠፈቻት።
«…ሊን።»

ጠበቅሁ።
ኤሲው ይነፍሳል፤ ሀዋ፣ ሀዋ፣ ሀዋ።
ተሳክቶልኝ ይሁን፣ ወይስ እንቅልፍ ወስዷት፣ አላወቅሁም።
ብረቱ ዝም አለ።